ግፈኛን መስማትና ግፈኛን ማክበር

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ እናመሰግነዋለን፥ እርዳታውንም እንለምነዋለን። ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ሰዎች ዘወትር የሚያደባልቁትን ነገር ነው። ኀይልና ሥልጣን ያለው ግፈኛ ወደ ጉባኤ ተጠርቶ በከፍተኛ ወንበር ሲቀመጥ፥ የማዕርግ ካባ ሲደረብለት፥ ወይም በሚንበር ላይ ስሙ በውዳሴ ሲነሣ፥ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ስለ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ወዲያው የሚሰጠው መልስ «ሰው ሁሉ የመናገር ነጻነት አለው፤ አንተ የሌላውን አፍ ልትዘጋ ትሻለህን?» የሚል ነው። መልሱ የዐዋቂ መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። ጠያቂው «አናክብረው» አለ እንጂ «አይናገር» አላለምና። መናገር የግፈኛው ሥራ ነው፤ ማክበር ግን የእኛ ሥራ ነው። ስለ ተናገረው ቃል እርሱ ይጠየቅበታል፤ ስለ ሰጠነው ክብር በቂያማ ቀን የምንጠየቀው ግን እኛ ነን።

አስቀድመን ስለ መስማት እንናገር። በመካ ዘመን፥ ሙስሊሞች ጥቂቶችና የተጨቈኑ በነበሩበት ጊዜ፥ ከቁረይሽ ታላላቅ ሰዎች አንዱ የነበረው ዑትባ ኢብን ረቢዓ ወደ ነቢዩ (የአላህ ሶላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) መጣ። አመጣጡም ለመማር ሳይሆን ለመደራደር ነበር። ገንዘብ የሚሹ እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ባለጸጋ እንደሚያደርጓቸው፥ ክብር የሚሹ እንደ ሆነ አለቃቸው አድርገው እንደሚሾሟቸው፥ ንግሥና የሚሹ እንደ ሆነም እንደሚያነግሧቸው፥ የያዛቸው ደዌ ከሆነ ደግሞ በገንዘባቸው ሐኪም እንደሚፈልጉላቸው ነገራቸው። ይህ የመጨረሻው ቃል ምን ያህል የሚያቈስል እንደ ሆነ ልብ በል። ነቢዩ ግን ንግግሩን አላቋረጡትም። እስኪጨርስ ድረስ ካዳመጡት በኋላ፥ ወገኖቹ በሚያከብሩት መጠሪያ «አቡልወሊድ» ብለው ጠርተው ጨርሶ እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱም «አዎን» ባለ ጊዜ፥ እንግዲህ አንተም ስማኝ ብለው ከሱረቱ ፉሲለት መጀመሪያ ያነቡለት ጀመር። ዑትባም እጆቹን ወደ ኋላው አድርጎ በእነርሱ ላይ ተደግፎ አዳመጠ።

በዚህ ወሬ ውስጥ ለግፈኛው የተሰጠውና ያልተሰጠው ተለይቶ ይታያል። ጆሮ ተሰጠው፤ ጊዜ ተሰጠው፤ በጨዋ ስምም ተጠራ። ከምስጋናና ከውዳሴ በኩል ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተሰጠውም፤ ያቀረበውም ነገር ሁሉ አልተነካም።

ከነቢዩ በኋላም በዚሁ መንገድ ተሄዷል። ኸሊፋው ዐሊይ (አላህ ሥራቸውን ይውደድ) በሲፊን ከተደረገው ጦርነት በኋላ፥ በ37 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 657)፥ ኸዋሪጆች የሚባሉት ወገኖች ከእርሳቸው ተለዩ። እነዚህ ሰዎች በኩፋ መስጊድ ውስጥ ኹጥባ ሲያደርጉ ከየማዕዘኑ እየተነሡ ይጮኹባቸው ነበር፤ ካፊር ሆነሃል እስከ ማለትም ደረሱ። ዐሊይ ግን አፋቸውን አላስያዙም። ይልቁንም በእርሳቸው ዘንድ ሦስት መብት እንዳላቸው በሕዝብ ፊት አስታወቁ፤ ይኸውም ከአላህ መስጊዶች እንዳይከለከሉ፥ ከሙስሊሞች ጋር እስካበሩ ድረስ ከምርኮው ገንዘብ ድርሻቸው እንዳይቀርባቸው፥ ጦርነትንም እነርሱ ካልጀመሩ በቀር እንዳይወጉ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በነህረዋን የወጓቸው የንጹሓንን ደም ባፈሰሱ ጊዜ ነው፤ ለጩኸታቸው ጦር አላዘመቱም።

ደግሞም፥ አንባቢ ሆይ፥ ሸሪዓችን የመናገርን ፈቃድ ከማን ጀምሮ እንደ ሰጠ ተመልከት። በሱረቱ ኒሳእ በ148ኛው አንቀጽ አላህ ክፉ ነገርን በግልጥ መናገርን እንደማይወድ ካስታወቀ በኋላ የተበደለውን ሰው ለይቶ አውጥቶታል። ነቢዩም በግፈኛ ገዢ ፊት የሚነገረውን የእውነት ቃል ከጂሃድ ሁሉ የበለጠ ብለውታል። የመናገር ነጻነት ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ሊሟገትለት የሚገባው አፉ ለተያዘው ለተበዳዩ ነው። ገዢው ዐዋጅ ነጋሪ አለው፤ ጸሓፊ አለው፤ ሲናገር ዝም የሚያሰኝለት ወታደርም አለው። እርሱ የጐደለው የመናገሪያ ቦታ አይደለም። ወደ እኛ ጉባኤ የሚመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው።

ያም ነገር ምን እንደ ሆነ በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ አደባባይ ታይቷል። የመካ ሙስሊሞች በደል በጸናባቸው ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፥ ከእነርሱ ጥቂቶቹ ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደዱ። ቁረይሾችም ያስመልሷቸው ዘንድ ዐምር ኢብን አልዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን በኋላቸው ላኩ። የእነዚህ መልእክተኞች ብልሃት የሚያስደንቅ ነው። በሐበሻ ዘንድ የሚወደደውን የመካ ቆዳ ለመኳንንቱ ሁሉ በየስማቸው አስቀድመው አደሉ፤ ለንጉሡም የእርሱን አቀረቡ። የለመኑትም ነገር ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ይሰጡን የሚል ነበር። መኳንንቱም በዚህ ተስማሙ። ንጉሡ ግን ተቈጣ፤ ወደ አገሩ ተጠግተው ጎረቤቱ የሆኑትን ሰዎች ቃላቸውን ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም በስደተኞቹ ስም ተናገረ። በመጨረሻ ነጃሺ ያ ስጦታ ሁሉ ለአምጪዎቹ እንዲመለስ አዘዘ።

መልእክተኞቹ እንዳይናገሩ የከለከላቸው አልነበረም፤ የተናገሩትም እስከ መጨረሻው ተሰምቷል። የተመለሰባቸው ስጦታው ነው። ስጦታው ሊገዛ የመጣው ደግሞ የንጉሡን ሞገስ ነበር፤ ሞገሱም የተፈለገው የተበደሉት ሳይሰሙ እንዲቀሩ ነው። ግፈኛን ማክበር ሁልጊዜ ይህን ፍሬ ያፈራል። ጌታ ተብሎ በአልጋ ላይ በተቀመጠ ሰው ፊት ከሳሽ ሆኖ የሚቆም ማን ነው?

እንግዲህ ክብር ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንመርምር። ክብር በሥራ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። አንድን ሰው በሕዝብ ፊት ስታነሣው፥ ለማያውቀው ሁሉ «ይህ ሰው መልካም ሰው ነው፤ ሥራውም የተወደደ ነው» ብለህ መመስከርህ ነው። ሰውዬው ግፈኛ ከሆነና አንተም ይህን የምታውቅ ከሆነ፥ የመሰከርኸው ሐሰት ነው። በሱረቱ ሁድ በ113ኛው አንቀጽ አላህ ወደ በደለኞች ከማዘንበል አስጠንቅቆ የእሳትን ቅጣት አያይዞበታል። ልብ በል፤ የተከለከለው ማዘንበል ነው፤ መበደል በሌላ ስፍራ ተከልክሏል። ሙፈሲሮችም ማዘንበልን ሲያብራሩ በሥራቸው መደሰትንና ግፋቸውን ማስጌጥን ቈጥረውበታል። ሰሓባው ሚቅዳድ በኸሊፋው በዑስማን ፊት ቆሞ ያወድሳቸው በነበረ ሰው ፊት ላይ አፈር እንደ በተነበት በሙስሊም ሶሒሕ ተዘግቧል፤ ይህንም ያደረገው ከነቢዩ በሰማው ትእዛዝ ነው። ዑስማን ግፈኛ እንዳልነበሩ ታውቃለህ። ለደጉ ሰው የሚነገር ውዳሴ እንዲህ ከተጠላ፥ ለግፈኛው የሚነገረው እንዴት ይሆን?

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የሸይኽ ዒዝ አድዲን ኢብን ዐብዱሰላም ታሪክ ነው። እኒህ ታላቅ የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ በ577 ዓመተ ሂጅራ ተወልደው በ660 (እ.ኤ.አ. 1262) ያረፉ ናቸው። በደማስቆ በኡመውያ መስጊድ ኸጢብ በነበሩበት ጊዜ የከተማይቱ ገዢ አስሷሊሕ ኢስማዒል ነበር። እርሱም የግብፅን መንግሥት ከያዘው ከወንድሙ ልጅ ከአስሷሊሕ አይዩብ ጋር ስለ ተጣላ፥ በ638 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1240) ከመስቀል ጦረኞች ጋር ቃል ኪዳን ገባ። ለቃል ኪዳኑም ዋጋ የሰፈድንና የሸቂፍን ምሽጎች አስረከባቸው፤ ወደ ደማስቆ ገብተውም የጦር መሣሪያ እንዲገዙ ፈቀደላቸው። የመሣሪያ ነጋዴዎች ወደ ሸይኹ መጥተው በጠየቋቸው ጊዜ፥ በወንድሞቻችሁ ላይ እንደሚመዘዝ እያወቃችሁ ሰይፍ መሸጥ ሐራም ነው ብለው መለሱላቸው። በጁሙዓም ቀን ሚንበር ላይ ወጥተው ኹጥባቸውን አደረጉ፤ ለሱልጣኑ የሚደረገውን ልማደኛ ዱዓ ግን ተዉት። በእርሱ ፈንታ አላህ ለዚህች ኡማ የቀና ነገርን እንዲያጸናላት ለመኑ፤ ሕዝቡም አሚን አለ።

በሻፊዒ መዝሀብ የኹጥባ ማዕዘኖች አምስት ናቸው፤ እነርሱም አላህን ማመስገን፥ በነቢዩ ላይ ሶላት ማውረድ፥ በአላህ ፍራቻ መምከር፥ ከቁርኣን አንቀጽ ማንበብና ለምእመናን መለመን ናቸው። የገዢ ስም ከእነዚህ ውስጥ የለም። ሸይኹ እንግዲህ ከሃይማኖቱ ያጐደሉት ነገር አልነበረም። የሱልጣኑንም ምላስ አላሰሩም፤ ዐዋጁ፥ ደብዳቤውና ሠራዊቱ ሁሉ በቦታው ነበር። የቀረበት ጥቂት የውዳሴ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህች ጥቂት ቃል ግን ሸይኹን ከሹመታቸው ሻራቸው፥ አሰራቸውም፤ ከእርሳቸው ጋር የቆሙትም የነሕው ሊቅ ኢብን አልሓጂብ አብረው ታሰሩ። «ይህ ሥነ ሥርዐት ብቻ ነው፤ ምን ይጐዳል?» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ይህን ጠይቀው፤ የማይጠቅምና የማይጐዳ ነገር ከሆነ ሱልጣኑ ስለ ምን ይህን ያህል ተቈጣ? ገዢዎች የክብርን ዋጋ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በዚያ ዘመን በኹጥባ ስሙ መጠራቱና በገንዘብ ላይ ስሙ መቀረጹ የንግሥና ሁለት ምልክቶች ነበሩና።

ኋላም ሱልጣኑ ሽማግሌ ላከባቸው። ሽማግሌውም በለሰለሰ አንደበት፥ የሱልጣኑን እጅ ከመሳም በቀር ሌላ ነገር እንደማይፈለግባቸውና ሹመታቸውም ሁሉ እንደሚመለስላቸው ነገራቸው። ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚያወሱት ሸይኹ ሱልጣኑ የእርሳቸውን እጅ ይስም ዘንድ እንኳ እንደማይወዱ መለሱለት። ከዚያም ወደ ግብፅ ሄዱ። የግብፁ አይዩብ በክብር ተቀብሎ ዳኛና ኸጢብ አድርጎ ሾማቸው። ዳሩ ግን በዒድ ቀን አሚሮች ሁሉ በፊቱ መሬት ሲስሙ ባዩ ጊዜ፥ «አይዩብ ሆይ» ብለው ያለ ማዕርግ በስሙ ጠርተው በግዛቱ ውስጥ መጠጥ ስለሚሸጥበት ቤት ጠየቁት፤ እርሱም ያ ቤት እንዲዘጋ አዘዘ። የተቀበሉት ሹመት ምላሳቸውን አልገዛውም ነበር።

እዚህ ላይ ግን ማመዛዘን ያስፈልጋል፤ ይህን ነገር አንብቦ ለገዢ ሁሉ ስድብ የተፈቀደ መስሎት የሚነሣ ሰው አይጠፋምና። አላህ ሙሳንና ሃሩንን (ሰላም በእነርሱ ላይ ይሁን) ወደ ፊርዐውን በላካቸው ጊዜ በለዘበ ቃል እንዲናገሩት እንዳዘዛቸው በሱረቱ ጣሃ ተነግሯል። ከእኛ ማንም ከሙሳ አይበልጥም፤ በዘመናችን ያለ ገዢም ከፊርዐውን አይከፋም። ነቢያችንም በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 628) ገደማ ለሮም ቄሣር ለሂረቅል ደብዳቤ ሲጽፉ የሮማውያን ታላቅ ብለው ጠሩት። የሐዲስ ሊቃውንት ስለዚህች ቃል ብዙ ተመራምረዋል። ንጉሥ አላሉትም፤ ስሙንም ብቻ ጽፈው አልተዉትም። ሕዝቡ የሚያከብረው ሰው መሆኑ እውነት ስለ ሆነ፥ በእውነቱ ልክ ጠሩት። የሰላምታውንም ቃል ቅንን መንገድ ለተከተለ ሰው አደረጉት። በአንዲት የደብዳቤ ራስጌ ላይ ጨዋነትም ሐቅም ሳይጓደሉ የተቀመጡት እንዲህ ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ሚዛን አላውቅም።

ይህን ሚዛን በዘመናችን ጉዳይ ላይ አኑረን እንየው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በኒውዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ የኢራን ፕሬዚዳንት የነበሩትን ማሕሙድ አሕመዲነጃድን እንዲናገሩ ጠራቸው። ብዙ ሰዎች ተቃወሙ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን መስማት ማክበር አይደለም ብሎ ተከራከረ። በመሠረቱ ክርክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲው አለቃ እንግዳውን ሲያስተዋውቁ፥ ገና አንዲት ቃል ሳይናገሩ፥ በብርቱ የዘለፋ ቃል ተቀበሏቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ነገር ነው። ዑትባ አስቀድሞ ተናገረ፤ መልሱ ኋላ መጣ፤ በዚህም ምክንያት መልሱ ከበደበት። ጠርቶ በደጃፍ መዝለፍ ግን ተዘላፊውን የተበደለ ያስመስለዋል።

ከዚህ የከፋው ግን ካባ የመደረቡ ነገር ነው። የስኮትላንዱ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዚምባብዌው መሪ ለሮበርት ሙጋቤ የክብር ዶክተርነት ሰጠ፤ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲም በ1986 እንዲሁ አደረገ። በእነዚያው ዓመታት፥ ከ1983 እስከ 1987 ድረስ፥ አምስተኛው ብርጌድ የተባለው የሙጋቤ ጦር በማታቤሌላንድ ምድር በሺህ የሚቈጠሩ ሰላማውያን ሰዎችን ይገድል ነበር። በ1994 ደግሞ የብሪታንያ መንግሥት የክብር ማዕርግ ጨመረላቸው። ኤዲንብራ ዶክተርነቱን በ2007፥ ማሳቹሴትስና የብሪታንያ መንግሥት በ2008 መልሰው ወሰዱት። የነጻነት ጠበቆች የሚፈሩት የአፍ መዘጋት በዚያን ጊዜ ደረሰን? አልደረሰም። ሙጋቤ ኤዲንብራ ክብሩን በገፈፋቸው በዚያው በ2007 በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቆመው የፈለጉትን ሁሉ ተናገሩ፤ ዓለምም ሰማቸው። ስለዚህ ክብርንና ንግግርን መለየት እንደሚቻል በሥራ ታይቷል። የማይመለሰው ግን ከሃያ ዓመት በላይ በካባው ሥር የቆየው ምስክርነት ነው። ልጁ የተገደለበት የማታቤሌላንድ ሰው በእነዚያ ዓመታት የልጁን ገዳይ አለቃ ስም ከሊቃውንት ስም ጋር ተጽፎ ያየው ነበር።

ስለዚህ የክብርን ዋጋ የሚከፍለው ሰጪው አይደለም፤ በጉባኤው ውስጥ የሌለው ተበዳይ ነው። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት አስብ። ነቢዩ ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር፥ ይሰልሙ ይሆናል በሚል ተስፋ፥ እየተነጋገሩ ሳሉ ዐይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብን ኡሚ መክቱም መጥቶ አስተምሩኝ አላቸው። ፊታቸውንም ከእርሱ ባዞሩ ጊዜ አላህ ወቀሳን አወረደ። ዐሳባቸው ያማረ፥ ተስፋቸውም ለሃይማኖት የሆነ ሲሆን ይህ ወቀሳ መጣ። ታላላቆቹን ስላነጋገሩ አልተወቀሱም፤ የወቀሳው ምክንያት ለመማር የመጣው ድኻ ወደ ጎን መተዉ ነው። እኛ ግን ባለሥልጣኑን የምናከብረው ለሃይማኖት ተስፋ አድርገን ነውን? አብዛኛውን ጊዜ ለመሬት፥ ለፈቃድ ወረቀት፥ ለልጃችንም ሥራ ነው።

ተገዶ ያደረገ ሰው ሌላ ነው። ሰይፍ በአንገቱ ላይ ሆኖ በምላሱ ያመሰገነ ሰው ልቡ ቀጥ ካለ፥ አላህ በሱረቱ ነሕል የተገደደውን ምሕረት አድርጎለታል። ሁሉም ሰው ዒዝ አድዲን እንዲሆን አይጠየቅም። ሆኖም መገደድ ሌላ፥ መጓጓት ሌላ ነው፤ ወንበር ለመያዝ በማለዳ ተነሥቶ የሄደ ሰው ተገድጄ ነው ሊል አይችልም።

አንተ ምናልባት «እኔ ሱልጣን የምሾም ኸጢብ አይደለሁም፤ ካባም የምሰጥ ዩኒቨርሲቲ አይደለሁም» ትል ይሆናል። ነገር ግን በየመንደሩ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር ነጋዴ አለ፤ የየቲም መሬት የወሰደ ባለጸጋ አለ። ይህ ሰው ለመስጊዱ ምንጣፍ ሲያመጣ ኢማሙ ስሙን በድምፅ ማጕያ ያነሣዋል። ምንጣፉ ከቀማው ገንዘብ መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ፥ ገንዘቡ የባለቤቱ ነውና ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ከሐላል ገንዘቡ ከሆነ ይቀበሉት፤ በጎ ሥራውም በጎ ተብሎ ይጠራ፤ ከዚያ አልፎ ግን ደግ ሰው ተብሎ አይመስከርለት፤ ዕዳው ገና አልተከፈለምና። የሶላት የፊተኛው ሰፍም አስቀድሞ ለመጣ ሰው ነው፤ ለባለጸጋ ተብሎ አይጠበቅም።

ወደ ሰርግህም ቢመጣ፥ እንግዳን ማክበር የታዘዘ ነውና ሰላምታውን መልስለት፥ ምግብም አቅርብለት። የእንግዳ ክብር መብልና መጠለያ ነው፤ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ይሰጣል፤ ስለ ሰውዬው ሥራ ምንም አይመሰክርም። ልናገር ቢልም ይናገር፤ አንተም አድምጠው። ከሁሉ በላይ ያለውን ወንበር ግን ለአባትህ፥ ወይም ቁርኣን ላስተማረህ ሸይኽ ተወው። ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ በድንኳኑ በር ቆሞ ካየኸው ደግሞ ወደ ውስጥ አስገብተህ ከሰዎች ጋር አስቀምጠው፤ እርሱም የሚናገረው ነገር ካለው በዚያው በነጋዴው ፊት ይናገር ዘንድ ቦታ ስጠው።